ወደቀ ማለት ሞተ ማለት አይደለም
ዕፀዋትን ለዝንብ መከላከያነት ስለ መፈተሽ

(ለአድባራት አስተዳዳሪዎች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለመስክ የልማት ሠራተኞች በተዘጋጀ የውኃና የአካባቢ ንጽሕና ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ሥልጠና ላይ ስለ ዝንብ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላልና ዝም ብትል ይሻልሃል» ሲል ቀልዶብኝ ነበር። ምክሩን ያልተቀበልሁት ከመስክ ጣቢያዎቻችን በተደጋጋሚ ለሚደርሰን ጥያቄ መልስ መስጠት ስላለብን ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ስሙ ብቻ ይለዋወጣል። አንዱ ጣቢያ «የብርብራ ዘር ወቅጠን በፍግ ላይ ብንረጭ ዝንቡን አያጠፋልንምን?» ይላል። ሌላው ስለ ኒም፣ ሌላው ስለ እንዶድ ይጠይቃል። ከሱቅ የሚገዛው መርዝ ዋጋው ከገበሬው አቅም በላይ ሆኗል፤ ዕፅዋቱ ግን በደጃፉ ይበቅላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «አዎን» ወይም «አይደለም» ከማለታችን በፊት ልንፈትሽ ይገባናል፤ አፈታተሹም ከሚታሰበው ይልቅ ብዙ ማታለያ ያለበት ነው። ዛሬ በአብዛኛው የምናገረው ስለዚህ ማታለያ ይሆናል።

አስቀድሜ ግን የምናወራው ስለ የትኛው ዝንብ እንደ ሆነ እንለይ። በቤታችን በማዕድ ዙሪያ የምናየው፣ ሊቃውንቱ ሙስካ ዶሜስቲካ የሚሉት የቤት ዝንብ፣ በከብት ፍግ፣ በዶሮ ኩስ፣ በበሰበሰ ጥራጊ ይራባል። የተቅማጥና የተስቦ ተሕዋስያንን በእግሩና በአፉ ተሸክሞ ከዓይነ ምድር ወደ እንጀራ ያደርሳል። ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በእስራኤል የጦር ሰፈሮች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በማጥመጃ የዝንቡን ብዛት በ64 በመቶ በቀነሱባቸው ሰፈሮች ሺጌላ በሚባለው ተሕዋስ በሚመጣ ተቅማጥ ሳቢያ ወደ ክሊኒክ የሚሄዱት ወታደሮች ቁጥር በ85 በመቶ ቀንሷል።

ሁለተኛው ዝንብ ለዓይን ከቤት ዝንብ ብዙም አይለይም፤ ሙስካ ሶርቤንስ ይባላል። በሕፃናት ዓይን ጥግ፣ በአፍንጫቸው ዙሪያ የሚሰፍረው በአብዛኛው ይህኛው ነው። የዓይን ማዝን፣ ማለትም ትራኮማን፣ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ያጓጉዛል። በገጠር አጥቢያዎቻችን ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን የዓይን ፀጉራቸውን በየጊዜው እየነቀሉ፣ የቀረውን ብርሃን ለማቆየት የሚታገሉ እናቶችን የማያውቅ በዚህ ጉባኤ መካከል ያለ አይመስለኝም። ይህ ዝንብ ከሁሉ አብልጦ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አይመቸውም። ስለዚህ አንድ ጣቢያ የከብት ፍግ ላይ ዕፅ ረጭቶ የቤት ዝንብን በግማሽ ቢቀንስ እንኳ፣ «የዓይን ማዝን ተከላከልን» ብሎ ሊጽፍልን አይችልም። የተሳሳተውን ዝንብ ገድሏልና።

ስለ መርዝ ታሪክ ጥቂት ልበል። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1939 በታወቀ ጊዜ የዝንብ ዘመን ያበቃ መስሎ ነበር። ሆኖም ገና 1940ዎቹ ሳያልቁ በስዊድንና በጣሊያን ዲዲቲ የማይገድላቸው ዝንቦች ታዩ። ዝንብ በሞቃት ወራት ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ 10 ቀን ያህል ይበቃዋል፤ ሴቲቱም በአንድ ጊዜ 100 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ይህንም ደጋግማ ታደርገዋለች። እንዲህ የሚፈጥን ፍጥረት መርዝን ለመልመድ ብዙ ዘመን አያስፈልገውም። ከዕፅ የተገኘ መርዝም ቢሆን ያለ ልክ ከተረጨ ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ዕፅን ፈትሾ ለጤና ማዋል ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ የሚገድል ዕፅ እንዲህ ተገኘ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት እስኪያገኙ ድረስ ግን 25 ዓመት አለፈ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ጊዜ የሄደው ዕፁ ለሰው፣ ለእንስሳና ለውኃ ምን ያህል የማይጎዳ እንደ ሆነ በማስረዳት ነበር። ሳሙናችን ስለ ሆነ ብቻ ዓለም አልተቀበለንም፤ ብዙ ሰው በዚህ ሲቆጭ እሰማለሁ፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ እቆጫለሁ። ይሁን እንጂ ማስረጃ መጠየቁ በራሱ ስድብ አይደለም። ደግሞም እንዶድ ቀንድ አውጣን ገደለ ማለት ዝንብን ይገድላል ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ፍጥረት የየራሱ ፈተና ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የመስክ ጣቢያ ስሠራ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨቅጭቄ በጠርሙስ ውስጥ ጨመርሁ፤ ዝንቦችንም አስገብቼ ከደንሁት። ጥቂት ቆይቶ ዝንቦቹ በጀርባቸው ወደቁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚያው ምሽት በሻማ ብርሃን ሪፖርት ጻፍሁ፤ «ውጤታማ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ቃልም አኖርሁበት። በማግሥቱ ጠዋት ጠርሙሱን ለማጠብ ክዳኑን ስከፍት ከ«ሞቱት» መካከል ብዙዎቹ በፊቴ በርረው ወጡ። ሪፖርቱ ግን አስቀድሞ በመኪና ተልኮ ነበርና ለመመለስ የወሰደብኝን ደጅ ጥናት አልነግራችሁም።

የሆነው ይህ ነው። ብዙ ዕፀዋት ዝንብን ያደነዝዛሉ እንጂ አይገድሉም። ከአበባ የሚገኘውና በኬንያ ደጋ የሚመረተው ፓይሬትረም እንኳ፣ ከዕፅ መርዞች ሁሉ ፈጣኑ ሆኖ ሳለ፣ መጠኑ ካነሰ የጣላቸው ዝንቦች ተመልሰው ይነሣሉ። ስለዚህ ቆጠራ በሁለት ጊዜ ይሁን፤ አንዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ የወደቁትን፣ ሁለተኛው ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱትን። በመዝገብ ላይም «ወደቁ» እና «ሞቱ» በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ።

ኒም ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል። በዘሩ ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የተባለው ንጥረ ነገር የጎለመሰውን ዝንብ ወዲያው አይጥልም። የሚያውከው ዕድገትን ነው፤ ትሉ ቆዳውን መቀየር፣ ከዚያም በቡናማ ቅርፊት ተሸፍኖ ዝንብ ሆኖ መውጣት ይሳነዋል። ኒምን በጠርሙስ ዝንብ ላይ ረጭቶ በማግሥቱ የቆጠረ ሰው «ከንቱ ነው» ብሎ ይጥለዋል። እውነቱን የሚያየው ትሎቹን በኒም በተለወሰ ምግብ ላይ አኑሮ፣ 10 ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ታግሦ፣ ስንት ዝንብ ክንፍ አውጥቶ እንደ ወጣ የቆጠረ ብቻ ነው። በባሕር ዛፉ የቸኮለ ሰው ውሸትን እውነት ብሎ ይጽፋል፤ በኒም የቸኮለ ደግሞ እውነትን ይጥላል።

ጢሱንም እዚህ ላይ ላንሣው። እናቶቻችን ጥንጁትን፣ ወገርትን፣ ቀበሪቾን ያጤሳሉ፤ ቤቱ ይታጠናል፤ ነፍሳቱም ይሸሻሉ። መልካም ነው፤ ግን መሸሽ ሞት አይደለም። ከእኔ ቤት የሸሸ ዝንብ ወደ ጎረቤቴ ማዕድ ይሄዳል። ጢስን የምንፈትሽ ከሆነ «ያባርራል» እንበል እንጂ «ያጠፋል» አንበል፤ በዝግ ጎጆ ውስጥ የሚጨስ ማንኛውም ነገር ለሕፃናት ሳንባና ዓይን እንደማይበጅም አንርሳ።

ፈተናውን በጣቢያዎቻችን ባለው ዕቃ ማካሄድ ይቻላል። ዝንቦችን በሻሽ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ አኑሮ ስኳርና የዱቄት ወተት እየሰጡ፣ በውኃና በጥቂት ወተት በራሰ ፍሩሽካ ላይ እንቁላል እንዲጥሉ ማድረግ ነው። እንዲህ የተገኙት ትሎች ዕድሜያቸው አንድ ስለሚሆን ለማነጻጸር ይመቻሉ። ዕፁ በጥላ ይድረቅ፤ በሙቀጫ ተወቅጦ ይነፋ፤ በሚዛንም ይመዘን። «አንድ እፍኝ» የሚለው መስፈሪያ ለጎረቤት እንጂ ለመዝገብ አይሆንም፤ የእኔ እፍኝና የእኅታችን እፍኝ አንድ አይደለምና። በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 1፣ 2፣ 4 እና 8 ግራም እያደረጉ መዘፍዘፍ፣ በማግሥቱ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል፣ ከዚያም ፍሩሽካውን በዚያ ማራስ ይበቃል። በእያንዳንዱ ማሰሮ 25 ትል ይግባ፤ እያንዳንዱ መጠን በአራት ማሰሮ ይደገም።

አምስተኛው ረድፍ ዕፅ የሌለበት ነው። ማነጻጸሪያ የምንለው ይህ ነው፤ ከጣቢያዎች በሚመጡ ጽሑፎች ላይ አዘውትሮ የሚጎድለውም ይኸው ነው። ዕፅ ባይነካቸውም የሚሞቱ ትሎች አሉ፤ በሙቀት፣ በድርቀት፣ በእጃችን ሻካራነት ይሞታሉ። ማነጻጸሪያው በሁሉ ነገር ከሌሎቹ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዕፁን ከሳሙና ጋር ከቀላቀልን ማነጻጸሪያውም ሳሙና ይግባበት፤ ሳሙና ብቻውን ነፍሳትን ይገድላልና።

ስሌቱን አሜሪካዊው አቦት እ.ኤ.አ. በ1925 ያስቀመጠው ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ለምሳሌ ከማነጻጸሪያው 100 ትሎች 10 ቢሞቱ፣ ዕፅ ከነካቸው 100 ትሎች ደግሞ 70 ቢሞቱ፣ ዕፁ 70 በመቶ ገደለ አይባልም። ከ70 ላይ 10ን እንቀንሳለን፤ የቀረውን 60፣ በማነጻጸሪያው በሕይወት ለተረፉት 90 እናካፍላለን፤ ወደ 67 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ በማነጻጸሪያው 40 ቢሞቱስ ብላችሁ አስሉት። በእርግጥ ከማነጻጸሪያው ከ20 በመቶ በላይ ከሞተ ማስላትም አያስፈልግም፤ ፈተናው ይጣላል፤ እንደገና ይጀመራል። ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ማረሚያ አይሻም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ማሰሮዎቹን በቁጥር ብቻ ምልክት አድርጉባቸው፤ የሚቆጥረውም ሰው የትኛው ቁጥር ዕፅ እንዳለው አይወቅ። እኔ በዚያ ጠርሙስ ፊት እንደ ቆምሁት፣ ዓይን የወደደውን ማየት ይቀናዋል።

በመጻሕፍት የምታነቡት ውጤት በቤት ውስጥ የማይደገምበትም ምክንያት አለ። ተመራማሪዎች በአብዛኛው የዕፁን ኃይል የሚያወጡት በሜታኖልና በመሰል ፈሳሾች ነው፤ እናታችን ግን ያላት ውኃ ነው። በፓይሬትረም ያለው መርዝም ሆነ በብርብራ ዘር ያለው ሮቴኖን በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም። ስለዚህ በላቦራቶሪ «ገደለ» የተባለው ዕፅ በባልዲ ውኃ ተዘፍዝፎ ምንም ላይሠራ ይችላል። (እዚህ ላይ «በአረቄስ ብንዘፈዝፈው?» የሚል ሰው አይጠፋም። በዋጋው ግን ከሱቁ መርዝ አይሻልም፤ ለዝንቡ እስኪደርስም የሚቆይ አይመስለኝም።) በመዝገባችን ላይ ዕፁ በምን እንደ ተዘፈዘፈ መጻፍ ያለብን ስለዚህ ነው።

«ዕፅ ስለ ሆነ አይጎዳም» የሚለውን አሳብ ግን ጨክኜ እቃወማለሁ። የትምባሆ መርዝ ከዕፅ ነው፤ ሰውን ይገድላል። ብርብራ በወንዞቻችን ዓሣ ለማደንዘዝ የኖረ ነው፤ ዝናብ ከፍግ ክምር አጥቦ ወደ ምንጭ ቢያወርደው ዓሣውን ይፈጃል። ፓይሬትረም ንብን ክፉኛ ይገድላል፤ የጧፋችን ሰምና የገበሬው ማር ከዚያው ከንቡ ነውና በቀፎ አጠገብ ፈጽሞ አይረጭ። ኒም ነው ተብሎ የሚለቀመው ፍሬም አንዳንድ ጊዜ የሜሊያ ፍሬ ሆኖ ይገኛል፤ ዛፎቹ ይመሳሰላሉ፤ የሜሊያ ፍሬ ግን ሰው ቢበላው መርዝ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጣቢያ ፈተና ከመጀመሩ በፊት የዕፁን ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ፣ ከተቻለም ከነአበባውና ከነፍሬው፣ በጋዜጣ መካከል አድርቆ ለመለየት ይላክ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ለዚህ ሥራ የቆመ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ለአንዲት እናት «ዝንብ የልጅሽን ዓይን ያጠፋል» ብለን አስተምረናታል፤ መልካም አደረግን። ቀጥለን «ይህ ዕፅ ዝንብን ይገድላል» ብንላት፣ ዕፁን በጥብጣ በልጇ ዓይን ዙሪያ ብትቀባው ማን ይፈርድባታል? የነገርናትን ሁለት ቃል አንድ ላይ ማገናኘቷ ነው። እንዶድ ዓይንን ያቃጥላል፤ ሌሎቹም ለዓይን የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ በአጥቢያችሁ ስለ እነዚህ ዕፀዋት በተናገራችሁ ቁጥር፣ ለፍግ እንጂ ለፊት እንዳልሆኑ፣ ለፊት ያለው ውኃ ብቻ እንደ ሆነ፣ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተናገሩ። ለሌላ ቀን አታቆዩት። አባቶች፣ የእናንተ ቃል ከእኛ ይልቅ ይሰማልና ይህን አደራ በተለይ ለእናንተ እሰጣለሁ።

ከቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ደን ስለ መልቀምም ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር። የወደቀ ዘር መልቀም ጉዳት የለውም። ልጡን መላጥና ሥሩን መቆፈር ግን አይፈቀድ፤ አባቶቻችን ለዘመናት የጠበቁትን ዛፍ ለአንድ ክረምት ዝንብ አንገድልም።

ዕፁ ተፈትሾ ቢያልፍ እንኳ ቦታው ሁለተኛ ነው። በጋምቢያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፉት ዝንቦች በመርዝ ርጭት በ88 በመቶ፣ መጸዳጃ ቤት በመሥራት ብቻ ደግሞ በ30 በመቶ እንደ ቀነሱ አሳይቷል። ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ ርጭቱ አይሻልምን?» ሊል ይችላል። ርጭቱ ግን በቆመ ማግሥት ዝንቡ ይመለሳል፤ ጉድጓዱ ለዓመታት ይቆያል፤ ሌላውንም በሽታ ያግዳል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ለእስራኤል ሠራዊት የተሰጠውን ትእዛዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሰፈር ወጥቶ፣ ቆፍሮ፣ መክደን ነው። ለፍጉም ቢሆን ከዕፁ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። የዝንብ ትል እርጥበት ካጣ ይሞታል። ሴቶቻችን እበቱን በትኩሱ ጠፍጥፈው ኩበት ሲያደርጉትና ፀሐይ ቶሎ ሲያደርቀው፣ ሳያውቁት ዝንብን እየተከላከሉ ነው። አስቸጋሪው ክረምት ነው፤ እበቱ ሳይደርቅ ይከመራል፤ ክምሩም የዝንብ ማሕፀን ይሆናል። ለማዳበሪያ የሚከመረውን ፍግ በሚገባ ከድኖ፣ የዳሩን ወደ መሐል እያገላበጡ እንዲግል ማድረግ ትሉን በሙቀቱ ይገድለዋል። ዕፁ የሚያስፈልገን፣ የተፈተሸም ከሆነ፣ በዚያ በክረምቱ ወር፣ በክምሩ ዳርና በዶሮ ቤት ወለል፣ እነዚህ ሁሉ በማይደርሱበት ቦታ ነው።

እንግዲህ ለመጪው ክረምት ፈተናውን ለመጀመር የፈለጋችሁ ጣቢያዎች አንድ ዕፅ ብቻ ምረጡ፤ ሦስት አትምረጡ። የዕፁን ስም በአካባቢው አጠራር፣ የተለቀመበትን ቦታና ወር፣ የትኛው ክፍሉ እንደ ሆነ፣ በምን እንደ ተዘፈዘፈ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ጻፉ። ዕፁ ሳይሠራ ቢቀርም ላኩልን፤ «አልሠራም» የሚል ንጹሕ መዝገብ ሌላውን ጣቢያ የአንድ ክረምት ድካም ያድነዋል። የማነጻጸሪያው ዓምድ ባዶ ሆኖ የመጣ መዝገብ ግን፣ ከየትም ይምጣ፣ ወደ ላኪው እንደሚመለስ ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።